መርዶዬን 38 ቀን ያቆዩልኝ ሰዎች

ወረቀቱ ላይ የታተመው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «እኔ ማን ነኝ?» ከጥያቄው ሥር 20 ባዶ መስመሮች ተሰምረዋል፤ ጽፈን እንድንጨርስ የተሰጠን ጊዜ 12 ደቂቃ ነው። በኔዘርላንድ ምሥራቃዊ ክፍል የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን ስከታተል ክፍል ውስጥ የታደለን ይህ መጠይቅ ማንፎርድ ኩን እና ቶማስ ማክፓርትላንድ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1954 ያስተዋወቁት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተለያየ ባህል ያላቸው ሰዎች ራሳቸውን ሲገልጹ ከጠባያቸው ይነሡ ወይስ ከዝምድናቸው የሚለውን ለማነጻጸር ሲያገለግል ቆይቷል። «ትጉህ ነኝ»፣ «ዓይን አፋር ነኝ» የሚለው መልስ በአንድ ወገን፣ «የእገሌ ልጅ ነኝ»፣ «የእገሌ አገር ሰው ነኝ» የሚለው በሌላ ወገን ይቆጠራል። እኔ በመጀመሪያው መስመር ላይ «የአባቴ ልጅ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ያን ስጽፍ አባቴ ካረፈ 11 ቀን ሆኖት ነበር። ጅማ ውስጥ እኛን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ያውቅ ነበር፤ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቤተሰቦቼ መርዶውን ያቆዩት ፈተናዬንና የመመረቂያ ጽሑፌን እስክጨርስ ብለው ነው። በየሳምንቱ እደውል ነበር። አባቴ መጀመሪያ «ለሥራ ሊሙ ወጥቷል»፣ ቀጥሎ «ስልኩ ወድቆበት ተሰብሯል»፣ በኋላም «አሁን ገና ሸለብ አድርጎታል፣ አንቀስቅሰው» ተባለ። በምስል ስደውል እናቴ ጥቁር ልብሷን አውልቃ፣ አበባ ያለበት ሻሽ አስራ ትቀርባለች፤ ያኔ የ16 ዓመት ልጅ የነበረችው ታናሽ እህቴም ከጎኗ ተቀምጣ ስለ ትምህርት ቤቷ ታወራኛለች። ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ አጎቴ ቦሌ ተቀበለኝ፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ ወልቂጤን አልፈን፣ የጊቤን ቁልቁለት ወርደን፣ ዳገቱን ወጥተን እስክንደርስ ድረስ ስለ መንገዱና ስለ ዝናቡ ብቻ አወራኝ። ጅማ የገባነው መሽቶ ነው። «እቤት ቀለም እየተቀባ ነው፣ ሽታው ያሳምምሻል፣ ዛሬ አክስትሽ ዘንድ እደሪ» አሉኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ሳሎኑ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ እናቴ በጥቁር ልብሷ መሐል ቆማለች፤ ማንም አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ክንዴን ይዘውታል። አባቴ ካረፈ 38ኛ ቀኑ ነበር። አርባው ሳያልፈኝ፣ ሁለት ቀን ሲቀረው ደረስኩ።

የእነዚያ ሴቶች እጅ እስከ ዛሬ ክንዴ ላይ ያለ ይመስለኛል። የተሰወረብኝ 38 ቀንም እንዲሁ አብሮኝ አለ። አንዱን ይዤ ሌላውን መጣል አልቻልኩም፤ ባህሎችን «እኔ»ን በሚያስቀድም ግለሰባዊነትና «እኛ»ን በሚያስቀድም ማኅበረሰባዊነት የሚከፍለው የተማርኩት ትምህርትም ሁለቱን አንድ ላይ የምይዝበት ቦታ አልሰጠኝም። ስለዚህ ትምህርቱን ራሱን ደግሜ ለማንበብ ተገደድኩ።

በዚያ ክፍል ውስጥ አብዝቶ የሚጠቀሰው ስም የኔዘርላንዳዊው ምሁር የጌርት ሆፍስቴድ ነበር። ሆፍስቴድ አይቢኤም የተባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ድረስ በብዙ አገሮች ካሉ ሠራተኞቹ የሰበሰበውን ከ100,000 በላይ መጠይቅ ተንትኖ በ1980 ባሳተመው ሥራው አገሮች የሚለያዩባቸውን አራት መለኪያዎች አቀረበ። ከአራቱ አንዱ ግለሰባዊነትን በአንድ ጫፍ፣ ማኅበረሰባዊነትን በሌላው ጫፍ ያስቀመጠው ነው። በኋላ ተጨማሪ አገሮች በገቡበት ሰንጠረዥ ላይ አሜሪካ 91፣ ኔዘርላንድ 80፣ ጓቴማላ ደግሞ 6 ነጥብ አላቸው። ኢትዮጵያ ለብቻዋ አልተቆጠረችም፤ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር ተደምራ «ምሥራቅ አፍሪካ» በሚል አንድ ረድፍ ውስጥ 27 ነጥብ ይዛለች። አራት አገር፣ ስንትና ስንት ቋንቋና ሃይማኖት፣ አንድ ቁጥር።

ይህ ቁጥር ከምን እንደተሠራ ወደ ኋላ ሄጄ ሳነብ ያልጠበቅሁትን አገኘሁ። ሠራተኞቹ የተጠየቁት ስለ ዘመድ፣ ስለ ጎረቤት ወይም ስለ ቀብር አልነበረም። 14 የሥራ ዓላማዎች ተዘርዝረውላቸው፣ እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚያስፈልጋቸው ነው የተጠየቁት። መልሱን ወደ ግለሰባዊነት ጫፍ የሳቡት በዋናነት ሦስት ናቸው፦ ለግል ወይም ለቤተሰብ ኑሮ በቂ ጊዜ የሚተርፍበት ሥራ፣ ሥራን በራስ መንገድ የመሥራት ነጻነት፣ ሠርቼዋለሁ የሚያሰኝ ፈታኝ ሥራ። ወደ ማኅበረሰባዊነት ጫፍ የሳቡት ደግሞ ሥልጠና የማግኘት ዕድል፣ ምቹ የሥራ ቦታ፣ እና ችሎታን ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የማዋል ዕድል ናቸው።

ከመጀመሪያው ነጥብ ላይ ብዙ ቆየሁ። ጅማ ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ አለቃውን ፈቃድ የሚጠይቀው በአብዛኛው ለምንድን ነው? የጎረቤት ቀብር አለ፣ የአክስት ልጅ ሠርግ አለ፣ ሰልስት አለ፣ ሆስፒታል የተኛ ሰው የሚጠየቅበት ቀን አለ። ይህ ሠራተኛ መጠይቁ ቢቀርብለትና «ለቤተሰቤ ጊዜ የሚተውልኝ ሥራ ከሁሉ ይበልጥብኛል» ብሎ ቢመልስ፣ ለወገኑ ያለው ታማኝነት በግለሰባዊነት ሚዛን ላይ ይወድቃል። የሆፍስቴድ ማብራሪያ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓላማዎች ሠራተኛው ከድርጅቱ ራሱን ችሎ መቆሙን፣ የኋለኞቹ ድርጅቱ ለሠራተኛው የሚያደርግለትን ያሳያሉ የሚል ነው። ማብራሪያው ሊናቅ አይገባም፤ ነገር ግን በዚህ ሚዛን ላይ «እኛ» ተብሎ በቅድሚያ የተቀመጠው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ለእናቴም ሆነ ለጎረቤቶቼ ደግሞ መሥሪያ ቤት ለእውነተኛው «እኛ» ሲባል ፈቃድ የሚጠየቅበት ቦታ ነው። ሆፍስቴድ መለኪያው አገርን ከአገር እንጂ ሰውን ከሰው ለማነጻጸር እንደማይሆን፣ ውጤቱም ከአገር ሀብት ጋር በጥብቅ እንደሚያያዝ ራሱ አሳስቧል። ማሳሰቢያውን ግን ክፍል ውስጥ ብዙም አልሰማሁትም። እኔ ራሴ 27ን እንደ ስሜ ይዤ ስዞር ነበር።

ቋንቋችንም ይህን ጉዳይ በቀላሉ አያስኬድም። «ግለኝነት» ስንል ነቀፋ ነው፤ «እሱ ግለኛ ነው» የተባለ ሰው ስስታም፣ ለሰው ደንታ የሌለው ተደርጎ ይታያል። ነቀፋ የሌለበት ቃል ስንፈልግ «ግለሰባዊነት» እንላለን፣ እሱም ከመጽሐፍ ወጥቶ ቡና ላይ ሲነገር አልሰማሁም። ነገር ግን ቃሉ የለም ማለት ሐሳቡ የለም ማለት አይደለም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ያስተማረን አፍ «ከራስ በላይ ነፋስ» ብሎም አስተምሮናል። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚለውን የተረተው ሰው ጎረቤቱ ዘንድ ለቅሶ የሚደርስ፣ ዕቁብ የሚጥል፣ በደቦ የሚያርስ ሰው ነው። ሁለቱም ተረት በአንድ ሰው አፍ፣ በአንድ ቀን ይነገራል።

ከኢትዮጵያ ውጭ የመጡ ምሁራንም በዚህ ላይ አልተስማሙም። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ሥራው የአማራን ኑሮ ሲገልጽ አጉልቶ ያሳየው ማኅበረሰባዊነቱን ሳይሆን ግለኝነቱን ነው። በ1974 ባሳተመው ደግሞ አማራውን ተዋረድን የሚያከብርና ግለሰባዊ፣ ኦሮሞውን እኩልነትን የሚያስቀድምና ማኅበረሰባዊ አድርጎ አነጻጸረ። በሆፍስቴድ ሰንጠረዥ ላይ አንድ ቁጥር የያዝነው ሰዎች በሌቪን ዘንድ በሁለት ተቃራኒ ጫፎች ቆመናል ማለት ነው። የተወለድኩባት ጅማ ለዚህም ንጽጽር አትመችም። የጅማ ኦሮሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በጊቤ አካባቢ ከተነሡት አምስት መንግሥታት አንዱን የመሠረተ፣ ንጉሥና ሹማምንት የነበሩት ሕዝብ ነው፤ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ያሠሩት ቤተ መንግሥት ዛሬም ጅሬን ኮረብታ ላይ ሆኖ ከተማዋን ይመለከታል። በአማርኛ ተናጋሪው የእኛ ቤት ደግሞ ለብቻው የተበላ ምሳ አላስታውስም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለእኔ የተሻለ ብርሃን የሰጠኝ የሃሪ ትሪያንዲስ ሐሳብ ነው። በግሪክ ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው ይህ የሥነ ልቦና ምሁር በ1990ዎቹ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በመስመሩ ላይ ሌላ መስመር አሰመረ፤ ግለሰባዊነትም ማኅበረሰባዊነትም እያንዳንዳቸው አግድምና ቁልቁል አላቸው አለ። በአግድሙ ማኅበረሰባዊነት አባላት እኩል ናቸው፤ በቁልቁሉ ማኅበረሰባዊነት ታላቅ ለታናሽ ይወስናል፣ ታናሽም ለወገኑ ሲል ይቀበላል። ይህን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ፤ ምክንያቱም አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በአግድሙ «እኛ» ውስጥ ጸሐፊ ነበር።

አባቴ በቡና መጋዘን የሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ሲኖር፣ ማታ ማታና እሁድ እሁድ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት እድር ነው። ሰፊውን ደብተር በማስመሪያ ራሱ ያሰምረዋል፤ ተራ ቁጥር፣ የአባል ስም፣ መዋጮ፣ የቀረበት ቀን፣ ቅጣት። ቀብር በተደረገ ቁጥር ስም ይጠራል። የቀረ ሰው ምክንያቱን ያስረዳል፤ ምክንያቱን ካልተቀበሉት ይቀጣል። ልጅ ሆኜ ይህ ነገር ያስፈራኝ ነበር፤ ሐዘን በቅጣት የሚጠበቅ መሆኑ ልክ አልመስል ብሎኝ አባቴን ጠየቅሁት። «ልብ ይለያያል፤ ደንብ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚወደድ ሰውም የማይወደድ ሰውም እኩል ይቀበራል» አለኝ። አጠገቡ ተቀምጬ ስሞቹን አነብለት ስለነበር ዛሬም ብዙዎቹን በተራ አስታውሳቸዋለሁ።

ሆፍስቴድ ማኅበረሰባዊነትን ሲተረጉም ሰዎች ከተወለዱበት ጊዜ ጀምሮ በጠንካራ ወገን ውስጥ የሚታቀፉበት፣ ወገኑም ላልተጠየቀ ታማኝነታቸው ምላሽ ዕድሜ ልካቸውን የሚጠብቃቸው ኑሮ ነው ይላል። በአባቴ ደብተር ውስጥ በልደት የገባ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም አመልክቶ፣ የመግቢያ ከፍሎ፣ ፈርሞ የገባ ነው። ብዙዎቻችን እድርን ከጥንት የወረስነው አድርገን እናስበዋለን እንጂ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከከተማ ኑሮ ጋር እየተስፋፋ የመጣ ነው፤ ዘመዱን ትቶ ከተማ የገባ ሰው የሚቀብረው ዘመድ በአጠገቡ ስላልነበረ ጎረቤቱን በፊርማ ዘመድ አደረገ። ጅማ ደግሞ ከአባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ ጀምሮ ከየአቅጣጫው የመጣ ነጋዴና ሠራተኛ የሚገናኝባት ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በቡና ለቀማና በአጨዳ ጊዜ የሚደረገው ዳዶም እንዲሁ ተራውን የሚቆጥር ነው፤ ዛሬ ለአንተ የሠራሁትን ቀን ነገ ለእኔ ትመልሳለህ።

ታማኝነቱም ያልተጠየቀ አልነበረም። የእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ደንቡ ይሻሻል የሚል ሰው ሁልጊዜ ይኖራል። የቅጣቱ መጠን፣ የእርዳታው ልክ፣ «የአማች ሞት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም» የሚለው ክርክር፣ ሁሉም ድምፅ ተሰጥቶበት በአባቴ እጅ ጽሑፍ ደብተር ላይ ሰፍሯል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ድምፅ አለው፤ ሀብታሙም ድሃውም የሚያገኘው ድንኳን አንድ ነው። እኔ ያደግሁበት «እኛ» እያንዳንዱን ሰው በስሙ ቆጥሮ የሚሰበሰብ ነው፤ ስሜ ሳይጠራ የሚታለፍበት አይደለም። በመርዶዬ ግን ስሜ ሳይጠራ ታለፈ፤ ቅሬታዬን በቃል ማስቀመጥ የቻልኩት ይህን ካስተዋልኩ በኋላ ነው።

መርዶውን የማቆየት ውሳኔ እንዴት እንደተወሰነ ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው። ከቀብሩ ማግሥት አጎቴ፣ አክስቴ፣ የነፍስ አባታችን፣ የእድሩ ዳኛና ግድግዳ የሚጋሩን ሙስሊም ጎረቤታችን ሐጂ ተቀምጠው መክረዋል። አጎቴ ትምህርቷ ይበላሽባታል አለ። አክስቴ ባዕድ አገር በስልክ ብቻዋን አረዷት ይሉናል አለች፤ ይሉኝታም ርኅራኄም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነበሩ፣ ሁለቱን ለመለየት አልሞክርም። ተቃውመው የተናገሩት ሐጂ ብቻ ናቸው። «ልጅቱ ሕፃን አይደለችም፤ አባቷ ነው፤ ዱዓውም ለቅሶውም የእሷም ድርሻ ነው፤ ትነገር» አሉ። እናቴ ምን አለች ብዬ ጠየቅሁ። እናቴ አልተጠየቀችም ነበር። እህቴማ ጨርሶ ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም፤ ለ38 ቀን እንድትዋሸኝ ግን የታዘዘችው እሷ ናት። ይህ የትሪያንዲስ ቁልቁሉ «እኛ» ነው። የፈረድኩት በእሱ ላይ ነው እንጂ አክስቴ ሳሎን ውስጥ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በቆሙት ሰዎች ላይ አይደለም።

ኔዘርላንድ ሳለሁ ፎቁ ላይ ያለችውን ክፍል ያከራዩኝ አሮጊት በአገራቸው ምሥራቃዊ ክፍል በምትገኘው በትዌንተ ገጠር ያደጉ ናቸው። አንድ ማታ ሾርባ ስንጠጣ ስለ «ኖበር» ነገሩኝ። ኖበር በአካባቢያቸው ቋንቋ ጎረቤት ማለት ሲሆን፣ ኖበርፕሊኽት ደግሞ የጎረቤት ግዴታ ነው። በልጅነታቸው ሰው ሲሞት ለዘመድ የሚያሳውቁት፣ አስከሬኑን የሚያሰናዱት፣ ሣጥኑን የሚሸከሙት ጎረቤቶች ነበሩ፤ የትኛው ጎረቤት ለየትኛው ሥራ ኃላፊ እንደሆነም አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ይህ በሰንጠረዡ ላይ 80 ያገኘው አገር ነው። በዚያው አገር የልደት በዓል ላይ የሚገኝ እንግዳ ተወላጁን ብቻ ሳይሆን እናቱን፣ እህቱን፣ ጎረቤቱን ሁሉ እየጨበጠ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሲል አይቻለሁ። ዛሬ የሞት ዜና በአብዛኛው በፖስታ በሚላክ ካርድ ይደርሳል፤ ኖበርነት ግን በአሮጊቷ ዘንድ አልሞተም።

ጅማ ከተመለስኩ በኋላ የሆነውን ሁሉ ጽፌ ላክሁላቸው። መልሳቸው አጭር ነበር። ከእሳቸው ቤት ወደ እኔ ክፍል 14 ደረጃ ብቻ እንደነበረ አስታወሱኝ፤ ቤተሰቦቼ ስልክ ደውለውላቸው ቢሆን ኖሮ ደረጃውን ወጥተው በሬን የሚያንኳኩት እሳቸው ይሆኑ እንደነበር፣ ከጎኔ እንደሚያድሩም ጻፉልኝ።

ደብዳቤውን ለእናቴ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። እናቴ ለወራት ስሟገታት የምትመልስልኝ አንዲት ጥያቄ ነበረቻት፦ «እዚያ ማን ይይዝሽ ነበር?» በዚያን ቀን ጥያቄዋ መልስ አገኘ። ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «ስማቸውን ነግረሽኝ አታውቂም እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ስለ አየሩ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ፈተናው ሁሉ ነግሬያታለሁ፤ ከበታቼ ስለሚኖሩት ሰው ግን አንድ ቀን አልነገርኳትም። ሌላ አገር የሄድኩት ብቻዬን እንደሆንኩ አድርጌ ነበር፤ ቤተሰቦቼም ብቻዬን እንደሆንኩ አድርገው ወሰኑ። በዚህ የእኔም ድርሻ አለበት።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት አለፈ። እህቴ ዘንድሮ ለትምህርት ወደ ሕንድ ሄደች። ከመሄዷ በፊት በነበረው እሁድ ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤቶች ከአቦሉ በኋላ ተነሥተው ሦስታችን ስንቀር፣ ለዓመታት አስቤበት የነበረውን ጥያቄ እናቴ ፊት ጠየቅኋት፤ እዚህ አንድ ነገር ቢሆን መቼና እንዴት እንዲነገርሽ ትፈልጊያለሽ? እናቴ «በወጪ ሰው ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር አይነሣም» ብላ ፊቷን አዞረች። እህቴ ግን መልሱን ለብዙ ጊዜ ይዛው የኖረች ትመስል ነበር። በዚያው ቀን ይነገረኝ አለች። በስልክ አይሁን፤ መጀመሪያ በሬን የሚያንኳኳ ሰው ይምጣ፤ እናንተ ከእሱ በኋላ ደውሉ። ሦስተኛውን ስትናገር ወደ እናታችን ዞራ ነበር፦ «እኔም ማንንም ሰው እንድዋሽ አታድርጉኝ።»

ቶናው ቀርቦ እስኪቀዘቅዝ ማንም አልተናገረም። እናቴ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባችና አባቴ ሲያርፍ ሳይጨርሰው የቀረውን አንድ ደብተር ይዛ ወጣች፤ የመጨረሻዎቹ ገጾች ተሰምረዋል፣ ግን አልተጻፈባቸውም። አንዱን ገጽ ገልጣ «እዚያ ማን አለሽ?» አለቻት። እህቴ እስካሁን ማንም የለኝም አለች። እናቴ «እንግዲያው ቦታውን ተዪውና ስታገኚ ንገሪን» ብላ ከመስመሩ በላይ የእህቴን ስም አስጻፈችኝ።

በሄደች በአራተኛው ሳምንት መልእክት ላከች። የአንዲት ሴት ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ ከዚያም «ከእኔ ክፍል በእግር ዘጠኝ ደቂቃ» ይላል። ሴትዮዋ እንዲያ እንድትጠየቅ ፈቅዳ እንደሆነ መልሼ ጠየቅኋት፤ ፈቅዳለች፣ የራሷንም ቤተሰብ ስልክ ለእህቴ ሰጥታለች። ለእናቴ አነበብኩላት። በእርሳስ መጻፍ ስጀምር እጄን ያዘችና ብዕር አቀበለችኝ።